የልብስ ሰፊዋ ቀኝ እግር

ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ሰፈሩ የሚያውቃት «ሰፊዋ» በሚል ስም ብቻ ነው። በአርባ ሦስት ዓመቷ የምትሠራበት ፋብሪካ ሲዘጋ ግን ማንም ያልጠበቀውን ነገር አመጣች፤ ፀጉርን በኤሌክትሪክ መርፌ ከሥሩ የማጥፋት ሙያ ልማር ነው አለች።

«ምን የሚሉት ሥራ ነው ደግሞ እሱ?» አለ ባሏ።

«አገጫቸው ላይ ፀጉር የሚያበቅሉ ሴቶች የሉም? ያንን አንድ በአንድ ማጥፋት ነዋ።»

«አንድ በአንድ!» ብሎ ሳቀ። «እንግዲያው ጡረታ እስክትወጪ አንድ አገጭ ብትጨርሺ ነው።»

አብራው ሳቀች። ትምህርት ቤቱ የሰጣትን ወረቀት ግን ደጋግማ አንብባዋለች። ስድስት መቶ ሰዓት መማር አለባት፤ ከዚያ ውስጥ አራት መቶው መምህር እያየ በሰው ላይ የሚሠራ ነው። መጨረሻ ላይ የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለ። ፈተና ላይ ከተቀመጠች ሃያ አምስት ዓመት አልፏታል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ስለ ቆዳ፣ ስለ ፀጉር ሥር፣ ስለ ጀርምና ዕቃ ስለ መቀቀል በዕድሜ ልጆቿ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ተማረች። የቆዳን ንብርብር በወረቀት ስላ ከሳህን ማጠቢያው በላይ ለጠፈችው።

ተግባሩ ሲጀመር መምህርቷ እጇን አይታ ተደነቀች። መርፌዋ ከፀጉሩ የማትወፍር ናት፤ በፀጉሩ ጎን ተንሸራታ እስከ ሥሩ ትገባለች፤ ያኔ ፔዳሉ በእግር ይረገጣል፤ ኤሌክትሪኩ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም። ከዚያ ፀጉሩ በወረንጦ ሲያዝ ሳይጎተት ይወጣል። የሰፊዋ እጅ አይንቀጠቀጥም። ቀኝ እግሯን ግን ማንም ልብ አላለውም። ሃያ ሁለት ዓመት የስፌት መኪና የረገጠ እግር፣ እጅ ሲንቀሳቀስ አብሮ መርገጥን ለምዷል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ የተኛችው አንዲት ወጣት የባንክ ሠራተኛ ነበረች። መርፌው ገና ወደ ፀጉሩ ሥር ሳይደርስ እግሯ ቀድሞ ፔዳሉን ረገጠ። ከልጅቷ ከንፈር በላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች።

«ትንሽ ቆጠቆጠኝ» አለች ልጅቷ።

መምህርቷ ሌላ አልጋ ጋ ናት። ሰፊዋ የሰዓት መዝገቧን አየች፤ «ያጋጠመ ችግር» ከሚለው ሥር እስከዛሬ የጻፈችው «የለም» ብቻ ነው። ብትናገር ሊያባርሯት ይችላሉ። ዝም ብትል ደግሞ የሰው ፊት ነው።

«መምህርት፣» አለች፣ «አቃጠልኳት።»

መምህርቷ መጥታ አየች፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ አደረገችላት፤ የሆነውንም ሳትደብቅ ለልጅቷ ነገረቻት። ከዚያ ወደ ሰፊዋ ዞረች።

«እጅሽ ምንም አላጠፋም፤ ችግሩ እግርሽ ነው። ለጊዜው ሰው አትነኪም።»

ሦስት ሳምንት በብርቱካን ልጣጭ ላይ ተለማመደች። ጫማዋን አወለቀች፤ ፔዳሉን በካልሲ እየዳሰሰች፣ መርፌው ልጣጩ ውስጥ ሲገባ «ገባ» ብላ፣ ከዚያ ብቻ ትረግጣለች። መሐል ላይ ልጅቷ ለመታየት መጣች። ነጥቧ ቡናማ ሆናለች።

«መስታወት ባየሁ ቁጥር ትዝ ትይኛለሽ» አለቻት። በቁጣ አልነበረም፤ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ሰፊዋ ያን ሳምንት እህል አልዋጥ አላት። ነጥቧ የጠፋችው በወሩ ነው። ያን ቀን ሰፊዋ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

ሰዓቷን ስትጨርስ ለተግባር ፈተናው የሚሠራበትን ሰው ራሷ እንድታመጣ ታዘዘች። ማንን ትለምናለች? አብራቸው የምትኖረው የባሏ ታላቅ እህት ወጥ ቤት ጠርታት በሩን ዘጋች።

«እኔን ውሰጂኝ።»

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ምን አለሽ?»

«ወንድሜ ‹ምላጬ ደነዘ› እያለ በየሳምንቱ የሚጮኸው በማን አገጭ ደንዞበት ይመስልሻል?»

የፈተናው ዕለት ሰፊዋ እጇን ታጠበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ጫማዋን አወለቀች። ከሁለቱ ፈታኞች አንዱ ቀና አለ።

«ጫማሽን አድርጊ። በባዶ እግር አይሠራም፤ ደንቡ ነው።»

«እግሬ ፔዳሉን እንዲሰማው ብዬ ነበር።»

«አድርጊ ብዬሻለሁ።»

አጠለቀች። እግሯ የሌላ ሰው እግር መሰላት። የአጉሊ መብራቱን ሳበች፤ መርፌዋን አስገባች፤ ከፍ ባለ ድምፅ «ገባ» አለች፤ ረገጠች። ፀጉሩ ሳይጎተት ወጣ። «ገባ።» ላብ በጀርባዋ ወረደ። «ገባ።» ፈታኞቹ ይጽፋሉ እንጂ ፊታቸው ምንም አይናገርም። ለፈተናው የተሰጣት ሩብ ሰዓት ሊያልቅ ሲል እትዬ ከንፈሯን ሳታላቅቅ «ስንት ገባ ቀረኝ?» አለች። የሳቀ የለም።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ተግባሩን አልፋለች፤ ጽሑፉን በኤሌክትሪኩ ክፍል በሁለት ነጥብ ወድቃለች። ሁለት ወር አጥንታ ደግማ ተፈተነችና አለፈች።

አሁን በአንድ የቆዳ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ትሠራለች። ደንበኞቿ ዝግተኛ ናት ይሏታል፤ ቆይተው ግን ተመልሰው ይመጣሉ። የሙያ ፈቃዱ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለእድሳቱም ተጨማሪ ትምህርት መውሰድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እድሳት ገና አምስት ወር ይቀረዋል፤ ሰፊዋ ግን ከወዲሁ መጨነቅ ጀምራለች።