ወንበር ብቻ የተሰጣቸው ኢንጅነር ጴጥሮስ

ኢንጅነር ጴጥሮስ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሚዛን በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው፣ በትውልድ መንደራቸው በሸዋ ቤንች ተቀብረዋል። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው መምህር ዲግሪዎቻቸውን አንድ በአንድ ጠርቶ ሲያበቃ ቀሪውን ዘመን «በጡረታ ኖሩ» ብሎ አለፈው። ጡረታ አልነበራቸውም፤ ለጡረታ የሚያበቃ ሥራ ማን ሰጣቸው? የቀረውን እኔ ልጻፈው።

እኔ የወፍጮ ቤቱ ደምሴ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፤ ሞተር ፈትቼ መግጠም የተማርኩትም ብቻዬን። ከማጂ እስከ ቴፒ ሌላውን ሰው ያቃተው ወፍጮ መጨረሻው እኔ ጋ ነው። በሞተር ነገር የሚበልጠኝ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሳቸው ናቸው።

ኢንጅነር ጴጥሮስ ውጭ አገር ተልከው የማሽን ምህንድስና ተምረው፣ ሁለት ዲግሪ ይዘው ተመለሱ። የተመደቡበት ፕሮጀክት መንግሥት ሲለወጥ ተዘጋ። አዲስ አበባ እንዳይሄዱ እናታቸው የአልጋ ቁራኛ ነበሩ፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ እዚሁ ሥራ መፈለግ ጀመሩ።

መሥሪያ ቤቶቹ «ለእርስዎ የሚመጥን መደብ የለንም» አሏቸው። ዝቅ ያለውን ሲጠይቁ «ከተፈላጊው ችሎታ በላይ ነዎት» ተባሉ። አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ማሽን የሚጠብቅ ሰው ሲፈልግ አብረን ሄድን። ባለቤቱ ወጣት ነጋዴ ነው፤ ገና ሲያያቸው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«ኢንጅነር፣ እኔ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። እርስዎን እንዴት ብዬ ላዝዝ?»

«እንደ ማንም ሰው እዘዘኝ። ካጠፋሁም ተቆጣኝ።»

«ኧረ በጌታ! ሰው ምን ይለኛል?»

ጥብስ ጋበዘን፣ እስከ በሩ ሸኘን፣ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ከተማው ሁሉ እንዲሁ ነበር። ሻይ ቤት ሲገቡ ሰው ይነሣላቸዋል፤ ሂሳባቸው ተከፍሎ ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ጋሽ ደምሴ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከሰደበኝ ጋር እከራከራለሁ። ብድግ ከሚልልኝ ሰው ጋር በምን ልጣላ?»

እናታቸው ሲያርፉ አዲስ አበባ ሄደው ሥራ ለመፈለግ የእሳቸው ዕድሜ አልፎ ነበር። ማንም አያውቀኝም ብለው ቴፒ ሄዱ። የአንድ ቡና መፈልፈያ ባለቤት «ሙያውን ማን አስተማረዎት?» ሲላቸው «የሚዛኑ ደምሴ» ብለው ተቀጠሩ። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ፤ ሁለት ዲግሪ ያለው ተማሪ እኔን አስተማሪዬ ብሎ ጠራኝ። ብዙም ሳይቆዩ ግን አንድ የሚዛን ሹፌር ከአይሱዙው ዘሎ ወርዶ «ኢንጅነር! እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ብሎ እጅ ነሣ። ባለቤቱ ከመንግሥት ለቁጥጥር የተላኩ መስሎት ደነገጠ፤ ደጋግሞ ይቅርታ ጠይቆ፣ መኪና ጋቢና አሳፍሮ መለሳቸው።

«እንግዲህ እኔ ቀጥሬዎታለሁ» አልኳቸው። «ዲግሪ የማልፈራ በዚህ አገር እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ይምጡ፣ ድንጋዩን ይወቅራሉ።»

መጡ። ቱታ ለብሰው የወፍጮውን ድንጋይ ሲወቅሩ ያፏጩ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሲያፏጩ ሰምቻቸው አላውቅም። እኔም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ጮኽኩባቸው።

«ቺንጋው ላልቷል፣ ድንጋዩን አያዞርም፤ አይታይዎትም?»

«ይታየኛል፣ አለቃ! እርስዎ ደግሞ ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌ መጥመሙ አይታይዎትም?»

ሁለታችንም ሳቅን።

በቆሎ ያመጡ ሴቶች ግን ማዳበሪያቸውን አያስነኳቸውም። «ጋሼ፣ ይቀመጡ! እኛ ምን ሆነን?» ብለው ራሳቸው ይሸከማሉ። አንዷማ «ጋሽ ደምሴ፣ አያፍሩም? የተማረ ሰው ዱቄት ያለብሳሉ?» ብላ በሰው ፊት ወረደችብኝ። ቀስ በቀስ ሴቶቹ ወደ ሌላ ወፍጮ መሄድ ጀመሩ። ኢንጅነር ጴጥሮስ ይህን ከእኔ ቀድመው አዩ። አንድ ጠዋት ቱታውን አጥበው፣ አጥፈው አመጡልኝ። «አለቃ፣ በእኔ ምክንያት ወፍጮው አይዘጋም» አሉ። ብለምናቸው እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞታቸው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የአላፊ አግዳሚውን ሰላምታ ሲመልሱ ኖሩ።

ወንድሜ ኢንጅነር ጴጥሮስ፣ በመቃብርዎ ላይ ሰው ሁሉ «በሰላም ይረፉ» አለዎት። እኔ አልልዎትም፤ ማረፍ እንዴት እንዳደከመዎት አይቻለሁ። እግዚአብሔር እዚያ ሥራ ይስጥዎት። የሚጮኽብዎት አለቃም አያሳጣዎት።