በበጋ የተለካ ኑሮ

ጋምቤላ ክልል በሆነ ሰሞን ሁሉም ነገር አዲስ ነበር፤ ማህተሙም፣ ቢሮዎቹም፣ እኛ ሠራተኞቹም። እኔ ከደጋ መጥቼ ፕላን ቢሮ እንደተቀጠርኩ የሕዝቡን ኑሮ ለኩ ተባልን። የትኛው ቀበሌ ይበልጥ እንደተቸገረ በጥናት ይለያል፤ አዲሶቹ ጤና ኬላዎችና የእህል መጋዘኖችም እዚያ ይሠራሉ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የወጣነው በጥር ነው። ሌላ ጊዜ የት መንገድ አለና! ዝናብ ከጣለ ከኢታንግ ወዲያ ጥቁሩ አፈር መኪና አያሳልፍም፤ ስለዚህ ጥናት የሚባል ነገር ሁሉ የሚሠራው በበጋ ነበር።

ባሮ ዳር ካለች አንዲት ቀበሌ ስንደርስ ወንዙ ጎድሎ ዓሣ ሞልቷል። ኢታንግ ገበያ ዓሣ እየሸጠች አማርኛ የለመደች አንዲት እናት ቤቷ አስገባችን። ትንሹ ልጇ በልቶ ጠግቦ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ባለፈው ሳምንት ምን እንደበሉ ጠየቅኋት። ዓሣ፣ በቆሎ፣ ወተት አለችና ሳቀች።

«አሁን ጥጋብ ነው። ዝናብ ሲመጣ በቆሎ ያልቃል፣ ውሃ ቤት ይገባል። ልጅ ይታመማል። ጤና ኬላ እዚህ ይሠራል?»

«ለዚሁ ነው የመጣነው» አልኳት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ለቡድን መሪያችን ነገርኩት።

«መጠይቁ የሚለው ያለፈውን ሳምንት ነው» አለ።

«እንግዲያው በክረምት እንድገመው።»

«በምን ልትገባ?»

«በጀልባ ነዋ!»

«በጀት የተያዘው ለነዳጅ ነው፤ ለጀልባ አልተያዘም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ ያቺ ቀበሌ ከደህናዎቹ ተርታ ገባች። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተቃወምኩ፤ ስሜታዊ አትሁን ተባልኩ። ጤና ኬላውም መጋዘኑም ለከተማ ቅርብ ለሆነ፣ ክረምት ከበጋ መኪና ለሚገባበት ቀበሌ ተሰጠ። ከዚያም ተጨበጨበ።

ነሐሴ ላይ ያቺን እናት ጋምቤላ ሆስፒታል በር ላይ አገኘኋት። በጣም ከስታ ስለነበር ቶሎ አላወቅኋትም። ልጇ ተቅማጥ ይዞት፣ ሞልቶ በሚጋልበው ወንዝ ላይ በታንኳ ይዛው ስትመጣ ሳትደርስ ሞቶባታል። የሆስፒታሉ ሰዎች አስከሬኑን ተቀብለዋት ገብተዋል፤ እሷ ልጇን የታቀፈችበትን እርጥብ ጨርቅ ይዛ ቆማለች። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

«ጤና ኬላ ለሌላ ሰው ሠራችሁ» አለችኝ። አልጮኸችም። «ለእኛ ለምን ቀረ?»

ልዋሻት አስቤ ነበር። በጀት አለቀ ብላት ታምነኝ ነበር። ግን እየጠበቀች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ መዋሸት አቃተኝ።

«ደህና ናችሁ ተብሎ ነው» አልኳት።

ያልገባት መሰለኝ። ጨርቁን ወደ ደረቷ አስጠጋችና «እኛ?» አለች።