የማንጠግቦሽ ቆጮ አቃጠለ

ማንጠግቦሽ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ቆጮ በአይብና በጎመን እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች፣ ወሬ ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ የምትሰካ ሴት ናት። የጓሮ እንሰቷን አጠውልግ የሚሉት በሽታ ከፈጀባት ወዲህ ደግሞ ከእንሰት ሌላ ወሬ አይጥማትም።

አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚያስተምረው ደንበኛዋ ቶሌራ እየጎረሰ አጽናናት።

«አይዞሽ እትዬ ማንጠግቦሽ! ተመራማሪዎች በሽታውን እንዲቋቋም ብለው የበርበሬ ዘረመል እንሰት ውስጥ እየከተቱ ነው።»

«በርበሬ? እንሰት ውስጥ?»

«አዎ፣ ገና ሙከራ ላይ ነው» አለና ክፍል ረፍዶበት ሮጠ።

እሷ ጆሮ ውስጥ የቀረው «በርበሬ» የሚለው ብቻ ነው። ምሳ ላይ የባጃጅ ሾፌሩ ወልዱ ቆጮውን ካጋመሰ በኋላ ነገረችው። ወልዱ ማላመጡን አቆመ።

«እና ይሄ ከዚያ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ከገበያ የገዛሁት ነው።»

ያን ጊዜ የወልዱን ፊት ላብ አጠመቀው። «ኧረ አቃጠለኝ! ውሃ!» አጠገቡ የነበሩ የቡና ነጋዴዎችም ይስሉ ጀመር፤ አንዱማ ምላሱን አውጥቶ በባርኔጣው ያራግባል። ማንጠግቦሽ ራሷ ቁራሽ ብትቀምስ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ወይ ጉዴ! እውነትም ገብቶበታል!»

ቶሌራ ተደውሎለት መጣ። ሁሉም አፍ አፉን እያዩት ትልቅ ጉርሻ ጎረሰ።

«ምንም አያቃጥልም! የሙከራው እንሰት ከምርምር ጣቢያው አጥር አልወጣም። ቢወጣም ያ ዘረመል በሽታ ይከላከላል እንጂ ምላስ አይነካም።»

ወልዱ አፉን ገጥሞ ትንሽ አሰበ። «አሁን በረደልኝ» አለ።

ወሬው ግን አልበረደም። በአውቶቡስ ተሳፍሮ ገደብ ከተማ ደረሰ፤ «የሚያቃጥለውን ቆጮ» ፍለጋ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ማንጠግቦሽ እውነቱን ብትናገር ማን ይመናት! «ለዘመዶችሽ ልትደብቂው ነው» ብሎ የተቆጣትም አለ። ቢሰለቻት ያንኑ ቆጮ ከጆግ ውሃ ጋር ማቅረብ ያዘች፤ እነሱም እያለከለኩ፣ እያመሰገኑ ይበላሉ።

ባለፈው ሳምንት ቶሌራ ሊያስረዳቸው ብሎ መሀላቸው ተቀመጠ። ሁለቴ እንደጎረሰ አፍንጫው ያፈስ ጀመር።

«ጉንፋን ነው!» ብሎ ጮኸ።

«አዎን የኔ ልጅ፣ ጉንፋን ነው» አለችና ማንጠግቦሽ ውሃ ቀዳችለት።