ዓይኔን የጨፈንኩባቸው ቦታዎች

ወልድያ፣ ጎህ ሲቀድ

መጀመሪያ የፈራሁት ስልኩ ዝም ሲል ነው።

ከወልድያ ስንነሳ ሰማዩ ገና መገለጡ ነበር። ቢያድግልኝ የሚባለው ልጄ ስልኩን የሞተሩ መሪ ላይ በመያዣ ሰክቶታል። እኔ ከኋላው እንደ ወንድ ተፈናጥጫለሁ፤ ከቀሚሴ ሥር የእሱን ሱሪ ለብሻለሁ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬያለሁ። በእሱና በእኔ መሃል የገንፎ ዱቄትና ቅቤ የያዘ ዘንቢል አለ። ሄልሜቱ አንድ ነው፤ ለእኔ አጠለቀልኝና እሱ ራሱን ገልጦ ወጣ።

ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንይዝ ስልኩ የደወል ድምፅ አሰማና አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረች። ቢያድግልኝ ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰ። ጥቂት እንደሄድን አንድ ትራፊክ ፖሊስ ራዳሩን ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ልጄ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለው፣ ትራፊኩም እጁን አነሳ። ደስ አለኝ። ጨዋ ልጅ አሳድጌያለሁ ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ትራፊኩ ከኋላችን ሲቀር ሴትዮዋ ዝም አለች። ያኔ ሞተሩ ጮኸ። ነፋሱ በሄልሜቱ ሥር ገብቶ ጆሮዬን ደፈነው። አጥሩ፣ ባሕር ዛፉ፣ ውሃ የምትቀዳው ሴት፣ የመብራቱ እንጨት፣ ሁሉም እየተሯሯጠ አለፈ። የልጄን ወገብ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። ሰውነቱ ዘና ብሏል፤ ምንም አልፈራም። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልጄ በዚህ መንገድ ላይ የሚፈራው ትራፊክ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ዝም ካለች ለእሱ መንገዱ ባዶ ነው።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሲሪንቃ፣ ፀሐይ ስትወጣ

የምንሄደው ውርጌሳ ነው። የእህቴ ልጅ መሠረት ወልዳለች፣ አራስ ልጠይቅ ነው። በሚኒባስ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ቢያድግልኝ ግን ወልድያ ካለ መለዋወጫ ሱቅ ዕቃ እየጫነ መርሳ ላሉ መካኒኮች የሚያደርስ ልጅ ነው፤ መንገዴ ነው፣ ለምን ትጋፊያለሽ አለኝ። በዚህ መንገድ ሲመላለስ ከርሟል፤ እኔ የማውቀው ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ ብቻ ነው። መሃሉን አላውቀውም ነበር።

እኔ ከእሱ በፊት የወለድኳቸው አልቆዩልኝም። ቢያድግልኝ ብዬ ስም ያወጣሁለት ለዚያ ነው። ይኸው አድጓል፣ ጺም አውጥቷል። ስሙን ስጠራው ግን እስከዛሬ እንደምጸልይ ነው።

ሲሪንቃ ላይ የጭነቱን ገመድ ሊያጠብቅ ቆመ። ከሞተሩ ወርጄ መሬት ረገጥኩ። ይቺ ሴትዮ ማን ናት አልኩት። ሳቀ። አፕ ናት አለኝ፤ መንገዱን ታሳያለች፣ ሰማያዊዋ ቀስት እኛ ነን፣ ይቺ ትንሽ ባርኔጣ ደግሞ ትራፊክ ነው።

«ትራፊኩን ማን ይነግራታል?»

«ሹፌሮች ናቸው እማ። ያየ ሰው ነካ ያደርጋል፣ ለሁላችንም ይታያል። ድሮ በመብራት ነበር የምንጠቃቀሰው፣ አሁን እሷ አለች።»

«ያላየስ ቢነካ?»

«ያላየ ለምን ይነካል?» አለኝና ገመዱን ሳበው።

ከዚያ ወደ መርሳ ስንወርድ መንገዱን ዓይኔን በየመሃሉ ገለጥ እያደረግኩ ነው ያየሁት። አንድ ትልቅ ዋርካ ያለበት ጠመዝማዛ አለ፣ ከብት ወደ ውሃ የሚሻገርበት። እዚያ ጋ አንገቱን ወደ ስልኩ ደፍቶ አየሁትና መልሼ ጨፈንኩ። ድልድዩ ላይ ጨፈንኩ። ሲኖ ትራክ ቀድመን ስናልፍ የጎማው ግለት እግሬን ሲገርፈው፣ ማርያምን ጠርቼ ጨፈንኩ። ቀስ በል ብዬ ጮሄበታለሁ፤ ነፋሱ ነው የሰማኝ።

መርሳ፣ ረፋድ

መርሳ ሙቀቱ ከከተማው በፊት ይቀበላል። ባጃጁ፣ የሽንኩርቱ ኬሻ፣ ላስቲክ ላይ የተከመረው ማንጎና ፓፓያ፣ ከቆላ የመጡት ግመሎች አንገታቸውን አውጥተው በሰው መሃል ሲያልፉ። ወልድያ በለበስኩት ሹራብ ላብ አጠመቀኝ። ፓፓያ ለአራሷ ገዛሁ፤ ሻጯ መርጣ የበሰለውን ሰጠችኝ፣ ስሟን ሳልጠይቃት መረቀችኝ።

ቢያድግልኝ ዕቃውን የሚያስረክበው ታደሰ ለሚባል መካኒክ ነው። ታደሰ እጁ ዘይት ስለሆነ ክንዱን ዘርግቶ ጨበጠኝና ከጎማ ላይ አስቀመጠኝ፣ ሻይም አዘዘልኝ።

«ልጅዎ ጉድ ነው እኮ እትዬ ዘነቡ። ስልኩን ዘግቼ ሻይዬን ሳልጨርስ ዕቃው በሬ ላይ ነው።»

ሊያሞግስልኝ ነው። በእኔ ላይ ግን እንደ መርዶ ወረደ። ዞር ስል ከግድግዳው ሥር አንድ ሞተር ተጋድሟል፤ የፊት እግሩ እንደ ሽቦ ተጣሟል፣ ፋኖሱ የለም። የማን ነው አልኩ። የመርሳ ልጅ ነው አለኝ፣ አህያ ገጭቶ ነው፣ ነፍሱ ተርፋለች፣ እግሩ ነው፣ ደሴ ሐኪም ቤት ነው ያለው። እናቱ አብራው ትሆን ብዬ ጠየቅኩ። ታደሰ አላወቀም።

«እሱ እኮ አፑን አልጫነም ነበር» አለ ልጄ፣ ሻይውን እያማሰለ።

«አፑ አህያ ታያለች እንዴ?»

ታደሰ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ አንገቱን አቀረቀረ። ሻይዬን ግማሹን ትቼው ተነሳሁ።

ውርጌሳ፣ ቀትር

የመሠረት ቤት ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ይላል። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ ገብቼ ሳምኳት። ሕፃኑ እንደ ጎመን ጥቅልል ብሎ ተኝቷል፤ ግንባሩ የአያቱን ነው። ዱቄቱንና ቅቤውን ለእናቷ፣ ለእህቴ ሰጠኋት፤ እሷ ወደ ጓዳ ገባች። ቢያድግልኝ ደጅ ከመሠረት ባል ጋር ተቀመጠ። መሠረት በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ በአንድ እጇ ስልክ ትነካካለች። አራስ ቤት ሰለቸኝ አክስቴ፣ ጓደኛዬ ይሄ ብቻ ነው አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ያቺ ትራፊክ የምታሳየው አፕ አንቺ ጋ አለች ወይ አልኳት። ባሏ ሚኒባስ ነው የሚነዳ፤ አዎ፣ አለች አለችኝ። ሳያይ የነካ ሰው ቢኖር ታውቅበታለች? አታውቅም አለች። ውርጌሳ ቁጭ ብለሽ መርሳ ላይ መንካት ይቻላል? ካርታውን በጣቷ እየገፋች አሳየችኝ፤ ይቻላል።

ያኔ ዓይኔን የጨፈንኩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ነገርኳት። እኔ ካርታ ማንበብ አልችልም፤ ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ቦታውን ግን አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤቱ በር፣ ልጆች የሚፈሱበት። የመርሳ ገበያ መግቢያ። ድልድዩ። ዋርካው ያለበት ጠመዝማዛ። የሲሪንቃ ዳገት። እየሳቀች ትፈልጋለች፣ ስታገኘው ትነካለች፣ ትንሿ ባርኔጣ ብቅ ትላለች።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» አለችኝ መሃል ላይ።

«ለንስሐ አባቴ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ንኪ።»

ሳቋን አቆመችና ሕፃኑን አየችው። ከዚያ ካርታውን ወደራሷ ሳበችና ሳልነግራት አንድ ባርኔጣ ጨመረች። የት ነው አልኳት። እዚሁ፣ የእኛ በር ፊት ለፊት አለችኝ። ይሄ ሕፃንም እኮ ነገ ድሆ ደጅ ይወጣል አለች።

ከውርጌሳ ወደ መርሳ፣ ከሰዓት በኋላ

ሄልሜቱን አላጠልቅም አልኩ። አንተ ካላጠለቅህ በሚኒባስ ነው የምሄደው ብዬ ቆምኩ። ሰው እያየን ነው እማ አለኝ። ይዩ አልኩት። አጠለቀ። እኔ ራሴን በነጠላ ጠፈርኩ።

ገና ከመሠረት በር ስንወጣ ሴትዮዋ ተናገረች። ቢያድግልኝ ቀዝቀዝ አደረገው፣ ግራ ቀኙን አየ፣ የለም። ትምህርት ቤቱ ጋ ደግማ ተናገረች። ልጆቹ መውጫቸው ነው፤ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው አስፋልቱን ሞልተውታል፣ በመሃላቸው ቀስ ብለን አለፍን። አንዷ ነጠላዬን አይታ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩላት።

«ዛሬ ምን ሆነዋል?» አለ ልጄ። «ባለሥልጣን ሊያልፍ ነው እንዴ?»

ከፊታችን አንድ ሚኒባስ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እሱም አፑ አለው መሰለኝ። ከመርሳ በኩል የሚመጣ ሲኖ ትራክ ደግሞ መብራቱን ብልጭ ብልጭ አደረገልን። ቢያድግልኝ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየሽ፣ እውነት አለ ማለት ነው አለኝ። የእኔን ውሸት ሲኖ ትራክ መሰከረልኝ። ከኋላው ሆኜ ሳቄን በጀርባው አፈንኩት።

እንዲህ ነው አገሩን ያየሁት። ጠዋት የጨፈንኩትን መንገድ ከሰዓት በኋላ ዓይኔን ከፍቼ አየሁት። የማሽላው ራስ ጎብጧል፤ ወፍ የምትጠብቅ ሴት ማማ ላይ ሆና ወንጭፍ ትወነጭፋለች። ቆርቆሮ ቤቶች በቢጫና በሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል፤ ከአንዱ ሻይ ቤት የትዝታ ክራር ይሰማል። የልጄ አንገት በፀሐይ ጠቁሯል። ልጅ ሆኖ ሳዝለው ያየሁት ጠባሳ ከጆሮው ሥር አሁንም አለ።

ዋርካው ጋ

መርሳን አልፈን ወደ ዋርካው ስንቃረብ ሴትዮዋ እንደገና ተናገረች። ቢያድግልኝ ተነፈሰ፣ አሁንስ ሰለቸኝ አለ። ግን ቀነሰ።

ጠመዝማዛውን ስንዞር አንዲት ሴት ልጅ መንገዱ መሃል ናት። አህያዋ የውሃ ጀሪካን እንደተጫነ ተኝቶባታል፤ አስፋልቱ ላይ። ጆሮውን ይዛ ትጎትተዋለች፣ ታለቅሳለች። ሞተሩ ቆመ። ከአህያው እስከ ጎማችን አንድ ሰው ቢጋደም ነበር የሚሞላው።

ልጄ ወረደ። አህያውን ከኋላ ገፍቶ አስነሳላት፣ የወደቀውን ጀሪካን አስተካክሎ አሰረላት። ልጅቷ አመሰግናለሁ ሳትል አህያዋን እየነዳች ወደ ታች ወረደች፤ እኛን የፈራችን መሰለኝ። ከኋላችን የመጣው ሚኒባስም ቆሞ ጠበቀን፣ ከዚያ ጡሩምባውን አንዴ ነክቶ አለፈ።

ቢያድግልኝ ሄልሜቱን አውልቆ ዋርካው ሥር ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። ስልኩን አየ፣ መንገዱን አየ።

«እዚህ ጋ ትራፊክ ቆሞ አያውቅም» አለ።

«አያውቅም» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ።

«እማ?»

«የነካችው መሠረት ናት። ያስነካሁት እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ዓይኔን የጨፈንኩበትን ሁሉ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። መሬቱን በጫማው ጫረ። ሹፌሮቹ በስልክ በሚጻጻፉበት ግሩፕ ላይ እየተሰዳደቡ ነው፣ ማነው ይሄ ውሸታም እያሉ ነው አለኝ። ይስደቡኝ አልኩት፣ ሰድበው ቤታቸው ይግቡ።

እጁን ያዝኩት፤ እሱም የእኔን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ጠዋት ምንም ያልፈራው ሰውነት አሁን ፈራ፤ ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ።

ተነስተን ልንሄድ ስንል ስልኩ ደወለ። ሴትዮዋ ግን አልተናገረችም፣ ጽሑፍ ነው ያወጣችው። ምን ትላለች አልኩት። እዚህ ጋ ትራፊክ አሁንም አለ ወይ ብላ ነው የምትጠይቀው አለኝ፤ የለም ካልናት ባርኔጣዋ ትጠፋለች። እሱ ልጅቷ ወደሄደችበት አቅጣጫ ትንሽ አየና ስክሪኑን ነካ።

«ምን አልካት?»

«አለ አልኳት» አለኝ፣ ሄልሜቱን እያጠለቀ።

ወልድያ፣ ሊመሽ ሲል

የሲሪንቃን ዳገት ስንወጣ ስልኩ ጠፋ፤ ባትሪው አልቆ ነው። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ቢያድግልኝ ግን በዚያው አካሄዱ ሄደ። ጠመዝማዛ ሲመጣ ቀነሰ፣ በጎቹ ጋ ቆመ፣ ባጃጅ ቀድሞን ቢያልፍ ተወው። የኋላ ኋላ ስልኩን ረስቼው ጀርባው ላይ ጭንቅላቴን አሳረፍኩ፤ እንቅልፍም ሳይወስደኝ አልቀረም።

ከተማው መብራቱን ማብራት ጀምሯል። ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ እንዴት ነበር መንገዱ አለችኝ። ባዶውን ዘንቢል ተቀበለችኝ። ሞተሩ ግቢ ገብቶ ቆሟል፣ ልጄ ፊቱን እየታጠበ ነው።

ደርሰናል። ሁለታችንም ደህና ነን።