የጾመኛ ሕመም ከማን ይነጻጸራል

ከፍቼ የተነሣሁት፣ መርካቶ ኑግ አስጨምቃ ዘይት የምትሸጠው ልጄ ዘነበች «ሱቄ ሊታሸግ ነው» ብላ ስለላከችብኝ ነው። የሁዳዴ ጾም ተጋምሷል። ጫንጮ ላይ ከአውቶቡሱ ወረድኩ፣ ሱሉልታም ወረድኩ፤ መቀመጥ አላስቻለኝም። ረዳቱ «እማማ፣ ከፍለው በእግርዎ ሊደርሱ ነው?» አለኝ።

አውቶቡስ ተራ ወርጄ፣ በተሸካሚዎች መሃል እየተሽሎከሎክሁ ጎጃም በረንዳ ሱቋ ደረስኩ። ዘነበች እህል አልቀመሰችም። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሰው እግሩ እያበጠ፣ ትንፋሹ እያጠረ ነው። የሰፈሩ ክሊኒክ ወጣት የጤና መኮንን ጥፋቱ የኑግ ዘይት ነው ብሏል፤ ነገ የዘይት ሻጭ ሱቅ ሁሉ እንዲታሸግ ሊጽፍ ነው።

ክሊኒኩ በር፣ በምሳ ሰዓት

የዘነበች እናት ነኝ አልኩት መኮንኑን። «ልጄ፣ ዘይት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«የታመሙት ሁሉ ዘይት በልተዋል፤ ጤነኞቹ አልበሉም።»

«ጤነኞቹ እነማን ናቸው?»

«እዚህ በር ላይ ያሉት ጨርቅ ነጋዴዎች።»

ዞሬ አየኋቸው። የወሎ ሙስሊሞች ናቸው፤ ምሳቸው ላይ ቅቤ ተንሳፍፏል። አንዱ «ይቅመሱ እትዬ፣ ጾሙን እኔ እጾምልዎታለሁ» ብሎ ሳቀ።

«እነዚህ ሁዳዴን አይጾሙም። ዘይት ለምን ይበላሉ?» አልኩት መኮንኑን።

ወደ በሽተኞቹ አግዳሚ ዞረ። «እንግዲያው በሌላ ሕመም እኔ ዘንድ የመጡትን ልጠይቅ።»

እኔው ቀድሜው አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ጠየቅኋቸው። ብዙዎቹን የሚያማቸው ጨጓራ ነው፤ ስለሚያቃጥላቸው ዘይት ከተዉ ቆይተዋል።

«እነዚህም አይሆኑም። የታመመውን ሰው ጎረቤት ጠይቅ፤ እንደሱ የሚጾም፣ በዕድሜ የሚቀርበው፣ እግሩ ግን ያላበጠ።»

«ስንቱን በር ላንኳኳ፣ እማማ?»

«አብረን እናንኳኳለን። ተነሥ።»

ተክለ ሃይማኖት፣ እስኪመሽ

ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ጤነኛ ጎረቤት ፈለግን። የታመመውም ያልታመመውም ዘይት በልቷል። ልቤ አረፍ ሊል ሲል መኮንኑ ሌላ ጥያቄ ጨመረ፤ «ከማን ገዙት?» ጤነኞቹ ከዚህም ከዚያም ነው የገዙት። የታመሙት ግን በር በበር «ከዘነበች» አሉ።

እርሳሱን አቁሞ አየኝ። «ልጻፈው?»

«ጻፈው» አልኩት።

ዘነበች ዘንድ ገብቼ ከጆንያው ኑግ ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩ። በረዘሙት ፍሬዎች መሃል ድቡልቡል ጥቁር የመርዛማ አረም ፍሬ ሞልቶታል። ጾሙ ገበያ ስለሚያበዛ ቸኩላ፣ ሳትለቅም ነው ያስጨመቀችው።

«አንቺ ልታድኚኝ አልነበር የመጣሽው?» አለችኝ።

ፍቼ

የታሸገው የእሷ ሱቅ ብቻ ነው። ለእሷ ብዬ መኮንኑን ትክክለኛ ሰው ጠይቅ አልኩት፣ ትክክለኛው ሰው ወደ እሷ መራን። በመጀመሪያው ሐሳቡ ቢጸና ኖሮ የሁሉም ይታሸግ ነበር፤ ፋሲካ አልፎ ሲከፈት ግን ያው ጆንያ ይጨመቅ፣ ሰውም ዳግም ይታመም ነበር። ይህን ለዘነበች በሰው ላክሁባት፤ መልስ አልመጣም። መኮንኑ ግን የሰዎቹ እግር እብጠት እየጎደለ ነው ብሎ ልኮብኛል።