የኦቦ ጉደታ የእንግዳ ተርታ

ኦቦ ጉደታ ሞዴል አርሶ አደር ናቸው። ሥራቸውም፣ ማዕረጋቸውም፣ በሽታቸውም ይኸው ነው። ሙያ በልብ ነው ቢባልም የእሳቸው በግድግዳ ነው፤ በኡኬ መንደር የእሳቸውን ቤት ያህል የምስክር ወረቀት የተሰቀለበት ግድግዳ የለም።

ብልሃታቸውን ልንገራችሁ። ከማሳቸው ዳር፣ በበረቱ ሥር፣ አንድ ተርታ ጥጥ አለ። ፋንድያው እየታጠበ ስለሚወርድለት ጥቁር አረንጓዴ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር በዚያች ተርታ ይነዳል፣ ያደንቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ከኋላ ያለውን ቢጫ ጥጥ የሚያውቁት ጉደታና ሚስታቸው ሸዋጌጥ ብቻ ናቸው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከበድ አለ። ልጃቸው የምትዳረው በዚሁ ጥጥ ነው። ጥጡ ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ካላገኘ አይሆንም፤ የመጣው ዩሪያ ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። ለማን እንደሚገባ እንድትለይ ሐዊ የምትባል ባለሙያ ከነቀምቴ መሣሪያ ይዛ መጣች።

«ይህ በቅጠሉ ላይ ብርሃን ያበራና ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል» አለች ገበሬውን ሰብስባ። «የጠገበና የተራበ ቅጠል የሚመልሰው ብርሃን ይለያያል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ጎድሎታል ማለት ነው።»

ጉደታ «ቁጥር» የሚለውን ሲሰሙ ሌላውን መስማት ተዉ። ቁጥር ካለ አንደኛ አለ። አንደኛ ካለ ደግሞ ከእሳቸው በቀር ማን ሊሆን ነው?

ሐዊን በዚያችው ተርታ ነዷት።

«ሌላውንስ አንለካውም ኦቦ?»

«ሁሉም ያው ነው ልጄ፣ ፀሐይ አይምታሽ።»

መሣሪያው ከመንደሩ ሁሉ ትልቁን ቁጥር ሰጠ። ጎረቤታቸው አዴ ቀለሟ ግን ማስመሰል አታውቅም፤ የገረጣ ጥጧን ከዳር እስከ ዳር አስለካችና መጨረሻ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሐዊ ውጤቱን ለሕዝቡ ተናገረች። አንደኛ ኦቦ ጉደታ። ጭብጨባው ቀለጠ።

«የእሳቸው ጥጥ የጠገበ ስለሆነ ዩሪያ አያስፈልገውም» አለች። «ድርሻቸው ለአዴ ቀለሟ ይሰጥ። ቅር የሚለው አለ?»

ጉደታ አፋቸውን ከፈቱ። «ከኋላ ያለው ቢጫ ነው» ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። አይ ሰው! ሕዝቡ ያያቸዋል፤ የአንደኛነቱ የምስክር ወረቀትም በሐዊ እጅ ነው። «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው ተቀበሉ።

ሸዋጌጥ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

«ዩሪያውስ?»

«አንደኛ ወጣን» አሉ ጉደታ፣ ሚስማር እየፈለጉ።

ሸዋጌጥ ወረቀቱን አየች፣ ግድግዳውንም አየች።

«ጎሽ። እንግዲህ ልጅህን በሱ ጠቅልለህ ዳራት።»