የሒሳብ መጽሐፍ ሽፋን የለበሰው ልብ ወለድ

ሰፈሩ «ጋሼ ሙጫ» ሲለው እሱም አቤት ይላል። አርባ ዓመት መጽሐፍ ሲጠርዝ ኖሮ ሙጫ ያልጠጣ ጥፍር የለውም። ሱቁ አንዲት በር ናት፦ ከመስኮቱ ሥር ወስፌና ክር፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ የተቆለለ አሮጌ መጽሐፍ። እሱ ይጠርዛል፤ ሴት ልጁ ትገዛለች፣ ትሸጣለች። ደንበኛ ሲያስቅ ይውላል፤ በር በኃይል ከተንኳኳ ግን ፊቱ አመድ ይመስላል። ልጁ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታያለች፤ ምክንያቱን ግን ጠይቃው አታውቅም።

አንድ ረፋድ ልጅቱ ከአንድ ግቢ የገዛችውን ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ይዛ ገባች።

«አባዬ፣ እስቲ ይቺን የሒሳብ መጽሐፍ እያት፤ ጀርባዋ ተልጧል።»

ገና ሲከፍታት አወቃት። ስፌቱ የራሱ ነው፤ አራት ቀዳዳ፣ ክሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ ከውስጥ የተቋጠረ። ሽፋኑ የሒሳብ ይሁን እንጂ ውስጡ ልብ ወለድ ነው። ወታደሮቹ ሥልጣን ሊይዙ በወጡበት ማለዳ ድልድዩ በዝናብ ፈርሶ፣ ታንኮቹ ከወንዙ ማዶ ቀርተው ቢሆን ኖሮ አገሩ ምን ይመስል ነበር? ታሪኩ ይህ ነው። ዛሬ ተማሪው ሁሉ የሚያነበው አንጋፋ ሥራ ነው። ያኔ ግን ወታደሮቹ በሥልጣን ላይ ነበሩና መጽሐፉ የተገኘበት ሰው ይታሰር ነበር። በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ የሚደረድረው ጓደኛው፣ ፊደል ለቃሚው፣ በስውር አተመው፤ እሱ ደግሞ ሁለት መቶውን ቅጂ በሒሳብ መጽሐፍ ሽፋን ጠረዘ። ፊደል ለቃሚው ተወሰደ፤ እንደ ወጣም ቀረ። ጋሼ ሙጫን ግን የጠራው አልነበረም። «ዛሬ ይመጡ ይሆን?» እያለ ሠላሳ ዓመት ኖረ። መንግሥት ተለወጠ፤ ፍርሃቱ አልተለወጠም።

ገጾቹን ገለጠ። በኅዳጉ ላይ በቀይ እርሳስ «ጠራዡ ማን ነው?» ይላል። አለፍ ብሎ፦ «ባለ አራት ቀዳዳ ስፌት። በከተማው ስንት ጠራዥ አለ?» መጨረሻው ላይ አንዲት ቃል ብቻ፦ «አገኘሁት።»

ላብ አጠመቀው።

«አባዬ፣ አመመህ እንዴ?»

«ምንም አይደል፤ ሙጫው ሸቶኝ ነው።»

«አርባ ዓመት ያልሸተተህ ሙጫ?»

መጽሐፏን ከመጽሐፍ መጭመቂያው ጀርባ ሸሸጋት። ሁለት ቀን በሩን ገርበብ አድርጎ ሠራ፤ ወስፌው ጣቱን ወጋው፣ የአንዱን ደንበኛ መጽሐፍ ዘቅዝቆ ሰፋ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ በሦስተኛው ቀን ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ገቡ።

«ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ምራቴ መጻሕፍቴን ለልጅህ ሸጠችብኝ» አሉ። «አንዲት የሒሳብ መጽሐፍ ነበረችኝ።»

ልጅቱ አፏን ልትከፍት ስትል «እስቲ ክር ገዝተሽ ነይ» ብሎ አባረራት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ቀዩ እርሳስ የእርስዎ ነው?»

ሽማግሌው ዞር ብለው ወደ ውጭ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያኔ የምርመራ ክፍል መርማሪ ነበርኩ። ሚስቴ የልጃችንን መጽሐፍ አንተ ጋ አስጠርዛ መጣች፤ ስፌቱን አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ከደግነት እንዳይመስልህ። መጽሐፏን አንብቤ ጨርሼ እመልሳለሁ ብዬ ቤት ወሰድኳት። ጣፈጠችኝ። ስጠየቅ ተቃጥላለች ብዬ ፈረምኩ። አንተ ብትያዝ ማስረጃው የታለ ሊሉኝ ነው። ፈራሁ።»

ጋሼ ሙጫን እስከ ዛሬ ያኖረው የሌላ ሰው ፍርሃት ኖሯል።

«ፊደል ለቃሚውስ?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደገፉ። «መጽሐፏ የተገኘችው ከእሱ ትራስ ሥር ነው። የተያዘበት ማዘዣ ላይ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ልጆቼ አያውቁም፤ ጽሕፈቴን ግን ያውቁታል። ስጠኝና ላቃጥላት።»

«መጽሐፏ የእርስዎ አይደለችም» አለ ጋሼ ሙጫ። «የእኔም አይደለችም።»

«ዛሬም የማውቃቸው ሰዎች አሉ» አሉ ሽማግሌው። ማስፈራሪያ ይሁን ልመና አልለየለትም። ምርኩዛቸው ወለሉን እየመታ ሄዱ።

ልጁ ስትመለስ ሁሉንም ነገራት። በዚያው ቀን መጽሐፏን በጨርቅ ጠቅልለው ከተማውን አቋርጠው ወደ ፊደል ለቃሚው ሚስት ሄዱ። ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናት። ጋሼ ሙጫ ይከታተሉኛል ብሎ ለቅሶ እንኳ አልደረሳትም ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ከፍርሃቱ ጋር ይህ ዕፍረት ሲያንቀው ሄደ።

ሴትዮዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችው። «አረጀህ» አለች። መጽሐፏን ተቀብላ ቀዩን ጽሕፈት ስታነብ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ጠራዡ ማን ነው? ብለው አሥራ ሁለት ቀን ጠየቁት። ልብሱን የመለሰልኝ የእስር ቤቱ ዘበኛ ነው የነገረኝ። አልተናገረም።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንተስ መች መጣህ?»

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ መጽሐፏን የገዛሁት ከዚያ ነው» አለች ልጁ። ጋሼ ሙጫ ልቡ ስንጥቅ አለ፤ ለራሱ ሲፈራ የኖረው ለእሷ ከፈራው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። «አንቺ ዝም በይ፤ የምመሰክረው እኔ ነኝ» አላት።

በማግስቱ ሦስቱም ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወረፋ ያዙ። ጋሼ ሙጫ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ብሎ ተነሣ፤ ሁለቴም ተመለሰ። ጸሐፊዋ የምስክርነት ቅጹን ሰጥታው ሲፈርም ፊርማው የዶሮ ጫር ጫር ሆነ።

«አባት፣ ይሄ አይነበብም። ሙሉ ስምዎን ይጻፉልኝ።»

ብዕሩን በሁለት እጁ ይዞ እንደገና ጻፈ።